የዕድር መዝገብ ያዛመዳቸው ሰዎች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማግባት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ልጅቱን ያስፈቅዳል፤ ቀጥሎ ወላጆቿን፤ በመጨረሻም ጋሽ ገብረጊዮርጊስን። ሁለቱ እሺ ብለው ሦስተኛው ራሳቸውን ከነቀነቁ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው። የንስሐ አባቶች እንኳ ስለ ተክሊል የሚጠይቃቸው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሉት «ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቆጠሩላችሁ?» ነው።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል አቧራ ሲያራግፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የዕድር ጸሐፊነታቸው ግን ሠላሳ ሦስት ዓመቱን ይዟል፤ ከዚህኛው ጡረታ የሚያወጣቸው ጀግና እስካሁን አልተወለደም። ዕድሩ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የነበረው አሮጌ ሰፈር ዕድር ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ሲበቅልበት የጭቃው ግድግዳ ሄደ፣ የጋራው ቧንቧ ሄደ፣ የቆርቆሮው አጥር ሄደ። ዕድሩ ብቻ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ጋሽ ገብረጊዮርጊስን ተሸክሞ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ገባ።

የሥልጣናቸው ምንጭ ሰባት ቤት ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራሉ፤ የሚያገናኝ ዘር ከተገኘ ጋብቻው አይሆንም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው የገዛ አያቱን አባት ስም ነው። የዘንድሮ ሰው የስልኩን የይለፍ ቃል እንጂ ቅድመ አያቱን አያስታውስም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ጋሽ ገብረጊዮርጊስም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡና ጀርባው በፕላስተር የተያያዘውን የዕድር መዝገብ ይገልጣሉ። ዕድር የሚቀብረው ዕድርተኛውን ብቻ አይደለም፤ አባቱን፣ ወንድሙን፣ አጎቱን፣ አክስቱንም ይቀብራል። ስለዚህ ማን የማን ምን እንደነበረ፣ ማን ለማን ሦስት ቀን እንደተቀመጠ፣ ሁሉም በቀለም ሰፍሯል። የሰፈሩ ዘር በሙሉ የተመዘገበው በለቅሶ ነው። ባላባቱ በስልሳ ሰባት መሬቱን ተነጠቀ፤ የጋሽ ገብረጊዮርጊስን ርስት ግን የነካ አዋጅ የለም። የእሳቸው ርስት የሰው ቅድመ አያት ነው፤ ጭሰኞቻቸውም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ የልደታ ልጆች በሙሉ።

በዚህ ሥልጣን አሥራ አንድ ጋብቻ አፍርሰዋል። ቁጥሩን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሐኪም ያዳናቸውን በሽተኞች እንደሚቆጥር። የመጨረሻው የወይዘሮ ጠጅቱ ልጅ የሶፊያ ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱ የዕድሩ ሴቶች አስተባባሪ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ገብተው ሟቹን ሳይቀር የሚያስነሣ ምላስ አላቸው። ልጃቸው ሶፊያ ባንክ ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድምአገኝ የሚባል የጌጃ ሰፈር ኤሌክትሪሻን ሽማግሌ ላከባት። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ መዝገባቸውን ገለጡ፤ የወይዘሮ ጠጅቱ አባትና የወንድምአገኝ አያት «ወንድማማች» ተብለው የተጻፉበትን ገጽ አገኙ፤ መዝገቡንም ዘጉ። ልጆቹ ቢለምኑ፣ ሽማግሌዎቹ ቢያማልዱ፣ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መዝገብ አይዋሽም።» ወይዘሮ ጠጅቱ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም። ይህ ብቻውን ሰውን ሊያስጠረጥር በተገባ ነበር፤ እሳቸው ዝም ያሉበት ሌላ ቀን አይታወቅምና።

የራሳቸውን ዘርማ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አባታቸው ከመንዝ መጥተው ልደታ የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ቅድመ አያታቸው ደግሞ ፊታውራሪ። ማስረጃው አባታቸው በጃንሆይ ዘመን የርስት ክርክር ሲከራከሩ ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ባለ አራት ገጽ ወረቀት ነው፤ ሰባቱም አባቶች በላዩ ተደርድረዋል። ሊፍት በሌለው ፎቅ ሽንኩርት ተሸክመው ሲወጡ እንኳ የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ልጅ መሆናቸውን አይረሱም።

እንግዲህ ይህ ሰው ፍቅር ያዛቸው።

ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ያቅበዘበዟቸው ከብሎኩ ሥር ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን የሚሠሩት ወይዘሮ ወይንሀረግ ናቸው፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እሳቸውም ባላቸው የሞተባቸው፣ ሳቃቸው ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አንዱን መታወቂያ በአንድ ወር ስድስት ጊዜ ኮፒ አስነሡ። ሰባተኛው ላይ ወይዘሮ ወይንሀረግ መታወቂያውን ገልብጠው አዩትና ምነው፣ የሚታደስ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከረባታቸውን ነኩ፣ ወጣ ገባ ብለው በመጨረሻ የሚሉትን አሉ።

ወይዘሮ ወይንሀረግ አልደነገጡም። «ለሰው ሁሉ ይቆጥራሉ አይደል? ለእኛም ይቁጠሩልን፤ ከዚያ እናወራለን» አሉ።

ይህን የመሰለ የምሥራች የለም፤ ጦረኛውን በገዛ መሣሪያው ግጠም ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ዕድሩ አሮጌው መዝገብ ወረቀቱ እየተበጣጠሰ ስላስቸገረ በሙሉ ኮፒ እንዲነሣ ወስኖ ነበር። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ መዝገቡን አቅፈው ወረዱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጡበት ሕጋዊ ምክንያት ተገኘ። አንድ ገጽ ብቻ ረሱ። ፍቅር የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ሲያደነዝዝ እንዲህ ነው፤ በገዛ እጁ መረጃውን ለከሳሹ ያስረክባል።

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ ወይንሀረግ ማሽኑን አቆሙ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ወረቀት ሊገዙ ወጥተዋል፤ ወይዘሮ ጠጅቱ ደግሞ አንድ ሰርተፊኬት ላሚኔት ሊያስደርጉ ቆመዋል። ወይዘሮ ጠጅቱ አንገታቸውን አስግገው ገጹን ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ኅዳር 12 ቀን 1984፤ አቶ ኃይለሚካኤል አረፉ፤ የዕድራችን ጸሐፊ የአቶ ገብረጊዮርጊስ አጎት ናቸው፤ ድንኳን ተተክሏል፤ ሦስት ቀን ተቀምጠናል።»

አቶ ኃይለሚካኤል የወይዘሮ ወይንሀረግ አባት ናቸው።

ወይዘሮ ጠጅቱ ሰርተፊኬታቸውን ሳይቀበሉ ወደ በሩ ሄዱ። «እንግዲህ የአጎቱን ልጅ ሊያገባ ነው። መዝገብ አይዋሽም ብሎናል» አሉና ወጡ። ለሦስት ዓመት የታፈነ ምላስ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማወቅ ልደታ መኖር ያስፈልጋል፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመለሱ ዘበኛው ቀድሞ ሰምቶ ነበር።

አሁን እውነቱን እንናገር። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲወድቅ አቶ ኃይለሚካኤል ሲሠሩበት ከኖሩት ከአሰብ ተፈናቅለው፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ሻንጣ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከልደታ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩ። በመስከረም መጨረሻ ለዕድር አመለከቱ። ደንቡ አዲስ ገቢ ስድስት ወር ይጠብቅ ይላል፤ እሳቸው በሁለተኛው ወር አረፉ። ዘመድ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ቀባሪ የለ። የሃያ ስድስት ዓመቷ ወይንሀረግ በር ላይ ብቻዋን ቆማ ያያት ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከንፈር መምጠጥ ደንብ አይከለክለውምና። ጽሕፈትን ከተረከበ ገና ወሩ የሆነው አዲሱ ጸሐፊ ግን ብዕሩን አነሣና ሰውየውን አጎቱ አደረጋቸው። የዕድርተኛ አጎት ሲሞት ድንኳን ይወጣል። ወጣ። ሰፈሩ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ልጅቱም ሰፈሩ ደግ ነው ብላ ኖረች፤ ምን እንደተጻፈ ማንም አልነገራትም።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የሚያኮራው ይህ ነበር፤ የሚያፍሩበትም ይኸው ነው። አጎቴ ናቸው ካሉ የሚወዷት ሴት የአጎታቸው ልጅ ሆነች። አይደሉም ካሉ ደግሞ መዝገብ ዋሸ፤ መዝገብ ከዋሸ የአሥራ አንዱ ጋብቻ ነገር ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ የቢሮ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ገጹን ዘርግተው ምንድን ነው ይሄ ሲሏቸው «ይጣራል» አሉ።

«በማን ይጣራል? ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ። «አባቴ ስለ ዘመዶቹ አውርቶኝ አያውቅም። ዘመዴ ከሆኑ ይንገሩኝና ዘመዴ ሆነው ይኑሩ። ካልሆኑም ይንገሩኝ።»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኮፒ የሚያስነሡት ጌጃ ሰፈር ድረስ በእግራቸው ሄደው ሆነ።

መውጫ ቀዳዳ ያገኙት ከነስሪን ነው። ነስሪን የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ የነስረዲን ልጅ ናት፤ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ትሠራለች። ለሥልጠና ውጭ ሄዳ ሳለ ምራቅ ተቀብሎ የዘር ዝምድና የሚመረምር ድርጅት አግኝታ የራሷን አስመርምራ ነበር፤ ድርጅቱ የላኪዎችን ሁሉ ዲኤንኤ እያነጻጸረ ማን ከማን እንደሚዛመድ በስልክ ይነግራል። ይህን የሰሙ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ዓይናቸው በራ። ሳይንስ አይዛመዱም ካለ ጉዳዩ ያበቃል፤ ማን ጻፈ፣ ለምን ጻፈ የሚባል ነገር አይነሣም፤ ውሸቱም ሳይነካ መዝገቡም ሳይቀደድ ሙሽራ ይሆናሉ። አብዮትን ያለ አብዮት ማካሄድ ይሉታል ይህን።

ነስሪን ሁለት ጠርሙስ አስመጣች። ምራቁ ከመሰጠቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ወይዘሮ ወይንሀረግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞልተው አስረከቡ፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግን አፋቸው ደረቀ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በጉባኤ ያለ ዕረፍት የተናገረ አፍ አንዲት ጠርሙስ መሙላት አቃተው።

«ጋሼ፣ ሎሚ ያስቡ» አለቻቸው ነስሪን።

«አሰብኩ።»

«እንግዲያው የወይዘሮ ጠጅቱን ነገር ያስቡ።»

ወዲያው ሞላ።

ውጤቱ ሁለት ወር ፈጀ። በሁለቱ ወር ጋሽ ገብረጊዮርጊስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በወረቀትም ላረጋግጥ ብለው የአባታቸውን የርስት ክርክር አወጡ። በሰባቱ አባቶች መካከል የአቶ ኃይለሚካኤል ወገን አለመኖሩን ሊያሳዩበት ነው። ዕድሜ ልካቸውን የጠቀሱት ሦስተኛውን ገጽ ነበር፤ አራተኛውን ያነበቡት ያን ለት ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ዳኛው እንዲህ ይላል፦ ከሳሽ ፊታውራሪ ያሉት ሰው በአገሩ ሽማግሌዎች የማይታወቅ በመሆኑ፣ የዘር ቆጠራውም በምስክር ያልተደገፈ በመሆኑ፣ ክሱ ውድቅ ሆኗል። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው የገዛ ቤቱን ፋይል የመጨረሻ ገጽ ሳያነብ ኖረ። ዳኛው ያላመነውን የከሳሹ ልጅ ስልሳ ዓመት አመነ። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱና ለማንም ሳይናገሩ በዚያ ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነሱ።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት በወይዘሮ ወይንሀረግ ሱቅ ተሰበሰቡ፦ ነስሪን፣ አባቷ ነስረዲን፣ ሁለቱ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች። ነስሪን ስልኳን አውጥታ የአጎት ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ከስምንት አንድ እጅ ያህል በደማቸው ሊጋሩ ይገባ እንደነበረ አስረዳች። «እናንተ ግን ምንም የላችሁም። ባዶ። አውቶቡስ ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናችሁ» አለች።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ትከሻቸው ከፍ አለ። ጉዳዩ በሳይንስ እልባት ማግኘቱን፣ ከእንግዲህ የሚያነጋግር ነገር አለመኖሩን፣ ገጹም እንደ ጽሕፈት ስህተት ሊታይ እንደሚችል በጉባኤ ድምፃቸው መዘርዘር ሲጀምሩ ነስሪን አቋረጠቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን አንድ ዘመድ ተገኝቶልዎታል።»

«የት አገር?»

«እዚሁ። እኔ።»

ነስሪን ስልኳን አዞረችላቸው። ቅርብ አይደለም፤ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም። የአባቷ ቅድመ አያትና የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቅድመ አያት ወንድማማች ሳይሆኑ አይቀሩም። ነስረዲን ሃያ ዓመት ሙሉ «ወንበሩ አልተሰለፈም፣ የድንኳኑ ገመድ ላልቷል» እየተባለ ሲገሠጽ የኖረ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ከአግዳሚው ተነሣና አቀፋቸው።

«ወንድሜ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ለካ የሚጮኹብኝ በዝምድና ነው» አለ።

ወዲያውም ወረኢሉ ላሉት አክስቱ ደወለላቸው። አክስቱ ዙሃራ ዘጠና ዓመት ቢደፍኑም ትዝታቸው እንደ ምላጭ ነው። ጥያቄው ተነግሯቸው ሳያልቅ መለሱ፦ የአያታቸው ታናሽ ወንድም በቅሎ ሊሸጥ መንዝ ተሻግሮ አንዲት የአገሩን ልጅ አየ፤ በቅሎዎቹን ሸጠ፣ ክርስትና ተነሣ፣ በዚያው ቀረ። ወረኢሉ እስካሁን ድረስ ስሙ ሲነሣ በቅሎዎቹ ምን ዓይነት በቅሎዎች እንደነበሩ ነው የሚወራው። ዙሃራ በስልኩ ውስጥ ልጃችን ተገኘ ብለው እልል አሉ። ፊታውራሪው እንዲህ ሆነው ተሰናበቱ፤ በቦታቸውም በሴት ምክንያት አገር የቀየረ የበቅሎ ነጋዴ ገባ።

ነስረዲንና ልጁ ሲወጡ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀሩ። የአራተኛውን ገጽ ነገርም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገሩ። ወይዘሮ ወይንሀረግ እስኪጨርሱ አዳመጧቸውና አሮጌውን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረዱ።

«ሰማንያ አራት ላይ ያ ድንኳን ባይኖር እኔ ምን እሆን ነበር ብዬ ዕድሜዬን ሁሉ አስባለሁ» አሉ። «ሰፈሩ ነው ብዬ ነበር። ሰፈሩ አልነበረም፤ እርስዎ ነበሩ።»

«ደንቡ አይፈቅድም ነበር።»

«አውቃለሁ። ለእኔ አባት ደንብ አፍርሰዋል። ለጠጅቱ ልጅ ግን አንዲት ቃል ከመዝገቡ አልፈው መጠየቅ አቃተዎት። ያም እንደዚህኛው ገጽ ቢሆንስ ብለው አላሰቡም?»

አስበዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ በወጡ ቁጥር አስበውታል። በአሮጌው ዘመን ጸሐፊዎች ሁሉ በየለቅሶው ጎረቤትን ወንድም፣ ተከራይን አክስት፣ የሥራ ባልደረባን አማች እያደረጉ እንደጻፉ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሥራውን ሲረከቡ የተነገራቸው የመጀመሪያ ምሥጢር እሱ ነበር። ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ወይንሀረግ ተናገሩ፤ መሬት መሬት እያዩ።

«እሑድ ጉባኤ አለ» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ። «እዚያ ይበሉት። እዚህ ለእኔ በሹክሹክታ ተናግሮ እዚያ መዝገብ አይዋሽም የሚል ሰው አላገባም።»

እሑድ ጠዋት ዕድሩ በኮሙናሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። አጀንዳው ሦስት ነበር፤ የድንኳን ጥገና፣ የጡሩምባ ነፊው ጫማ፣ ልዩ ልዩ። ስለ ጫማው አንድ ሰዓት ተከራከሩ። የሰው ልጅ የመብት ጥያቄ እንደ ጫማ የተብራራበት ጉባኤ የለም። ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ ግማሹ ሰው ሊነሣ ሲል ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቆሙ።

«በኅዳር ሰማንያ አራት አጎቴ ናቸው ብዬ የጻፍኳቸው አቶ ኃይለሚካኤል አጎቴ አልነበሩም» አሉ። «ስድስት ወር አልሞላቸውም፤ ቀባሪም አልነበራቸውም። ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጽፋለሁ። የማልደግመው ሌላ ነው፤ እንደዚያ ያለ ብዙ ገጽ እንዳለ እያወቅኩ መዝገብ አይዋሽም እያልኩ የሰው ትዳር አስቀርቻለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።»

ተናግረው ተቀመጡ። ጸሐፊ ናቸውና ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበረባቸው፤ ብዕራቸውን አንሥተው የገዛ ኑዛዜያቸውን መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ሰው ሁሉ የየራሱን ገጽ ማስታወስ ጀመረ። ፊቱ የጠቆረ ሰው ብዙ ነበር፤ ጀርባውን ወደ ግድግዳ ያስጠጋ ሰውም ነበር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከሰብሳቢው ጆሮ ተጠግተው አክስታቸው የተጻፈችበት ገጽ ባይነካ መልካም እንደሆነ አሳሰቡ። ሌላው ደግሞ ያለ ምንም ጠያቂ የእሱ አማች በእርግጥ አማቹ እንደሆኑ ማለ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ጠጅቱ ተነሡ። ሁሉም ጆሮውን አዘጋጀ፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስም አንገታቸውን ደፉ።

«አባቴ ወንድም አልነበራቸውም» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የወንድምአገኝ አያት የአናጢ ቤት ጓደኛቸው ነበሩ፤ በአንድ መጋዝ ሃያ ዓመት የሠሩ። ጓደኛቸው ሲሞቱ ወንድሜ ነው ብለው አስጻፉ። እኔ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አባቴ የዕድሩ ዳኛ ነበሩ። የዕድሩ ዳኛ ዋሹ ልበል?»

የሚስቅ አልነበረም። ከዚያ ወይዘሮ ጠጅቱ ራሳቸው ሳቁ፤ ከሳቃቸው ጋር እንባቸው መጣ፤ ስልካቸውን ይዘው ለሶፊያ ሊደውሉ ወደ ደጅ ወጡ። ነገሩ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሶፊያና ወንድምአገኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ይገናኙ እንደነበር ከእናትየው በቀር የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ ስልኩ በተደወለበትም ሰዓት ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ስለ ቀሩት አሥር ጋብቻዎችም ወዲያው ተወራ። አብዛኞቹ ሌላ አግብተው ወልደዋል፤ እንዲያውም ሁለቱ ጋሽ ገብረጊዮርጊስን ሲያዩ በልባቸው እንደሚያመሰግኗቸው ይታወቃል።

ቀጥሎ መዝገቡ ምን ይደረግ የሚለው መጣ። አንድ የተማረ ሰው ዕድርተኛው ሁሉ ምራቁን ሰጥቶ መዝገቡ በሳይንስ ይታረም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ነስረዲን እጁን አወጣ።

«የሚታረሙት ሙታን ናቸው። እነሱን ማን ምራቅ ያስተፋቸዋል?»

በዚህ ሐሳቡ ወደቀ። ጉባኤው ከረዥም ክርክር በኋላ አንድም ስም ሳይፋቅ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ «ይህ መዝገብ ለሐዘን ያገለግላል፤ ለጋብቻ አያገለግልም።» በልደታ ታሪክ ከዚህ የበለጠ አስተዋይ ሕግ ወጥቶ እንደሆነ የሚያውቅ ይናገር። ጋሽ ገብረጊዮርጊስም ደንብ በመተላለፋቸው ለስድስት ወር ከጸሐፊነት እንዲያርፉና በዕቃ ቤቱ ኃላፊ በነስረዲን ሥር ሆነው ወንበር እንዲያሰልፉ ተፈረደባቸው። ፍርዱን ራሳቸው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ብዕሩን አስረከቡ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ሲወጡ በአጠገባቸው አለፉ።

«ሽማግሌ ይላኩ» አሉ፤ ሄዱም።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ድረስ መጡ፤ የዕድሩ ሰብሳቢና ነስረዲን። ነስረዲን የሙሽራው ሥጋ ዘመድ በመሆኑ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ከመቼውም ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ በደንቡ መሠረት መምጣት አልነበረባቸውም፤ መጥተው ከውጭ በመስታወቱ ያዩ ነበር። ወይዘሮ ወይንሀረግ ወንበር አቀረቡ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ነስረዲን፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ወንበር ሲያቀርብ የኖረው ሰው ቆሞ መቅረትን የክብር ሥራ አድርጎት።

«ይናገሩ።»

ተናገረ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ትንሽ አፈ ጉባኤ ነገር ቢሆንም ልቡ ቅን ነው አለ። ስለ ዘሩ ሲጠየቅም ሁለት አባት ብቻ በእርግጠኝነት እንደሚያውቁለት፣ ከዚያ በላይ አንድ በቅሎ ነጋዴ እንዳለ፣ ከእሱ በላይ ግን ሙሽራውም ሽማግሌዎቹም ምንም እንደማያውቁ አስታወቀ። ወይዘሮ ወይንሀረግ በመስታወቱ ውጭ የቆመውን ሰው አዩ፤ አንገቱን አስግጎ ከንፈራቸውን ለማንበብ ይታገላል።

«ይግባ እንጂ፤ ውጭ ምን ያቆመዋል» አሉ። «እሺ ብያለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

በዚህ ጊዜ በበሩ አንዲት ሴትዮ የቤት ካርታ ይዘው ገቡና ሽማግሌዎቹን በመገረም ካዩ በኋላ ሁለቱንም ገጽ በሦስት ኮፒ አሉ። ወይዘሮ ወይንሀረግ የማሽኑን ክዳን እንደያዙ ዘወር አሉ።

«ትንሽ ይታገሡኝ የኔ እመቤት» አሉ፤ «እየተዳርኩ ነው።»